ታሪክን ለእንግዳ አንክፈል

አብሮ አደጎቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው፤ ለአምቦ፣ ለጉደር፣ ለጌዶ፣ ለጊንጪ፣ ለአዲስ ዓለምና ለሆለታ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች። ለወጣቱ የሚጽፍ ሞልቷል፤ የሚመክረው፣ የሚወቅሰው፣ የሚያባብለው አልጠፋም። እኛን ግን የሚናገረን የለም። ሽማግሌን መገሠጽ ነውር ሆኖ ስለኖረ ልጆቻችን አንገታቸውን ደፍተው ይሰሙናል እንጂ «ተሳስታችኋል» አይሉንም። ስለዚህ ከእኛው መካከል አንድ ሰው መናገር አለበት።

እንግዳ እየመጣ ነው። ወንጪ በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መርጧታል፤ በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክትም ሎጅ ተሠርቶባታል። የአዲስ አበባ ሰው በሳምንቱ መጨረሻ ቤተሰቡን መኪና ላይ ጭኖ ይወጣል። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ልጆቻችን እዚያ የወለዷቸውን ልጆች አገር ሊያሳዩ ይመጣሉ። በአምቦ በኩል ወደ ወንጪ የሚወጣ ሰው ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን አቋርጦ ነው የሚደርሰው። ቡና ሊጠጣ ይቆማል። ሲቆም ይጠይቃል፦ ይህን ቤተ ክርስቲያን ማን ሠራው? ይህ ግቢ ምን ነበር? እዚህ ከተማ ምን ሆኖ ያውቃል?

የሚያስፈራኝ መልሳችን ነው። የጠያቂውን ፊት አይተን እንመልሳለን። አነጋገሩን ሰምተን፣ ከየት እንደመጣ ገምተን፣ ደስ የሚለውን እንነግረዋለን። አንድ ሽማግሌ ለአንዱ እንግዳ ከምኒልክ ጀምሮ የሆነውን ብቻ ይተርክለታል፤ ያው ሽማግሌ ለሌላው እንግዳ ከምኒልክ በፊት የነበረውን ብቻ ይነግረዋል። ሁለቱም ምሳ ጋብዘውት፣ አመስግነው ይሄዳሉ። ሁለቱም ግን የያዙት ግማሽ አገር ነው። ነገ በአንድ ጠረጴዛ ሲገናኙ ይጣላሉ፤ እያንዳንዱ «እኔ ከሽማግሌ አፍ የሰማሁት ነው» ይላል። የሁለቱም ምስክር አንድ ሰው መሆኑን አያውቁም።

ለምን እንዲህ እንደምናደርግ ይገባኛል። ቃል ዋጋ ባስከፈለባቸው መንግሥታት ሥር ነው ያረጀነው። በንጉሡ ጊዜ አንዱን መናገር ያስወቅስ ነበር፤ በደርግ ጊዜ ሌላውን መናገር ያሳስር ነበር፤ ከዚያም በኋላ የሚነገረውና የማይነገረው ቦታ ተለዋወጠ እንጂ ፍርሃቱ አልጠፋም። ይሉኝታም አለ፤ እንግዳን ማስከፋት አንወድም። ነገር ግን ምክንያቱ መልካም ስለሆነ ጥፋቱ አይቀልም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲሉ ያደጉ አባቶች ልጆች ነን፤ በየእንግዳው ፊት ቃላችንን የምንለዋውጥ ከሆነ ልጆቻችን ከእኛ ምን ሊወርሱ ነው?

ከአዲስ ዓለም ልጀምር፤ ግማሽ አድርገን የምንናገረው ነገር ሁሉ እዚያ ኮረብታ ላይ ተሰብስቦ ይገኛልና። አዲስ አበባ ተቆርቁራ ብዙ ሳትቆይ ዙሪያዋን የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ተመንጥሮ አለቀ። ምኒልክ ከተማቸውን ሊያዛውሩ አስበው በ1893 ዓ.ም. ገደማ እጀሬ ላይ፣ ዛሬ አዲስ ዓለም በምንላት ቦታ፣ አዲስ ቤተ መንግሥት አስጀመሩ። ከአዲስ አበባ ወደዚያ የተሠራው መንገድ በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። የጣሊያን ሌጋሲዮን ሳይቀር እዚያ ሕንፃ አሠርቶ ነበር። በዚህ መካከል ግን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባ ላይ ተተክሎ ቶሎ ቶሎ አደገ። መኳንንቱና የውጭ መንግሥታት ወኪሎችም ቤታቸውን ጥለው ለመሄድ አልፈለጉም። ዋና ከተማዋ ባለችበት ቀረች፤ ለቤተ መንግሥት የተጀመረው አዳራሽም የአዲስ ዓለም ማርያም ሆነ። ዛሬ በግቢው ያለው ሙዚየም የነገሥታቱን ስጦታዎች ይዟል።

አንድ ዛፍ አንድ ዋና ከተማ እንዳይነሣ አደረገ። እንዲህ ያለ ታሪክ ያላቸው የዓለም ከተሞች ስንት ናቸው? እንግዳው ይህን ሰምቶ ይደነቃል፤ ሊደነቅም ይገባዋል። ነገር ግን እዚህ ላይ ካቆምን ዋሽተናል። ያ ኮረብታ ከ1893 በፊት ባዶ አልነበረም። ባለቤት ነበረው፤ ከብት የሚሰማራበት፣ ሰው የሚዳኝበት፣ በየስሙ የሚጠራ መሬት ነበር። የራስ ጎበና ዘመቻ የሜጫን ምድር ካስገበረ በኋላ መሬቱ ተከፋፈለ፤ ብዙው ገበሬ ባባቱ መሬት ላይ ገባር ሆነ። ያ ሥርዓት መልኩን እየለዋወጠ እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ዘለቀ። ድንጋዩን የተሸከመው፣ እንጨቱን የጎተተው ትከሻ የማን ነበር የሚለውን ጥያቄ እንግዳው ባይጠይቅ እንኳን እኛ መንገር አለብን።

ሌላው ወገናችን ደግሞ ይህን ሁለተኛውን ብቻ ይናገርና ዝም ይላል። ያም ግማሽ ነው። አዲስ ዓለም ማርያም ከመቶ ዓመት በላይ የአካባቢው ልጅ ክርስትና የተነሣባት፣ የተዳረባት፣ የተቀበረባት ደብር ናት። በኦሮምኛ እያለቀሰ የሚሳል፣ በአማርኛ የሚዘምር ሰው ያለባት ናት። የዚያ ሰው አያቶች ድንጋዩን የተሸከሙት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑን ግን የራሱ አድርጎታል። ይህን ሰው ከታሪኩ ያወጣ ተራኪ የነገሥታቱን በደል አልተቃወመም፤ ያገሩን ሰው ነው የሰረዘው። የተቀደደ ጋቢ ግማሹ ለአንዱም ለሌላውም ብርድ አይከላከልም።

ሆለታ ላይ ብዙ አልቆይም። በ1927 ዓ.ም. በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች የሚያስተምሩበት የጦር ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ዕጩ መኮንኖቹ ትምህርታቸውን በወጉ ሳይጨርሱ ጣሊያን ገባ። ከእነሱ ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ አፈግፍገው ነቀምት ላይ ከተቋቋመው የጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ተሰለፉ። ጢማቸው ገና ያልወጣ ልጆች ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ ሆለታ ብዙ መኮንኖችን አስመረቀች፤ ደርግን የመሩት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም የዚያው ግቢ ምሩቅ ናቸው። ለጀግንነት የሚመጣ እንግዳ የመጀመሪያውን፣ ለሐዘን የሚመጣ ሁለተኛውን ብቻ እንዲሰማ አታድርጉ። በአንድ በር የገባ ሁለቱንም ሰምቶ ይውጣ።

ጊንጪ የሚቆም እንግዳ ብዙ ጊዜ ወደ ደንዲ ሐይቅ የሚሄድ ነው። ስምንት ቁጥር የመሰለውን ሐይቅ ሊያይ ይቸኩላል። ቅርብ ያለውን የጭልሞን ደን አሳዩት፤ ጥዱን፣ ዝግባውን፣ ወይራውን። የመካከለኛው ደጋ ጥንታዊ ደን ምን ይመስል እንደነበር ከሚያሳዩ ጥቂት ቅሪቶች አንዱ ነው፤ ገበሬው በማኅበር ተደራጅቶ ከመንግሥት ጋር የሚጠብቀው ደን ነው። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የጊንጪ ተማሪዎች ለተቃውሞ የወጡት በዚህ ደንና በትምህርት ቤታቸው ሜዳ ጉዳይ ነበር። ከዚያች ትንሽ ከተማ የተነሣው ድምፅ ኦሮሚያን ሁሉ አዳርሶ የአገሪቱን መንግሥት ለወጠ። እኛ ግን እንግዳ ሲጠይቀን «ደን ነው፤ ዝንጀሮ አለበት» ብለን እናልፋለን። በዚያ ተቃውሞ ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች በዚያው ከተማ እየኖሩ ደኑን የዝንጀሮ መኖሪያ ብቻ ማድረግ ግፍ ነው።

አምቦ ላይ ግን ቆም ማለት አለብኝ።

የአምቦን ስም የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ በጠርሙስ ያውቀዋል። ሰንቀሌ ላይ ከ1922 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የታሸገው ውኃ በየሠርጉ፣ በየልቅሶው፣ በየሥጋ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ፍል ውኃው ሕመምተኛን ከሩቅ ሲጠራ ኖሯል። በንጉሡ ዘመን ከተማዋ ሀገረ ሕይወት ተብላ ነበር፤ በአገሬው ሰው አፍ ግን አምቦ እንደሆነች ኖረች። በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተባት፤ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ከዚያ የበቀለ ነው። ይህን ያህል ለመናገር ማንም አይቸገርም።

የምንቸገረው ስለ ሰው ስንናገር ነው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. እዚሁ አምቦ አጠገብ ቦዳ ተወለደ። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ ነበሩ። ግዕዙን ከቤተ ክህነት፣ እንግሊዝኛውን ከአምቦ ትምህርት ቤት ጀመረ፤ ገና በልጅነቱ የጻፈው ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ የሚናገር ቲያትር ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ታየ። በኋላ ኦቴሎንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ የመለሰው እጅ ፊደል የቆጠረው በዚህ አገር ነው። በ1998 ዓ.ም. ኒውዮርክ ዐረፈ፤ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ተቀበረ። ሃጫሉ ሁንዴሳ በ1978 ዓ.ም. አምቦ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ታስሮ አምስት ዓመት አምቦ ወህኒ ቤት ቆየ፤ ከዚያ ወጥቶ በኦሮምኛ የዘፈነው ዘፈን የሕዝብ ድምፅ ሆነ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተገደለ፤ አምቦ ተቀበረ።

አሁን የምናደርገውን ተመልከቱ። አማርኛ ለሚናገር እንግዳ ጸጋዬን እናወጣለታለን፤ ኦሮምኛ ለሚናገር ሃጫሉን። ሁለቱ የአንድ ከተማ ልጆች መሆናቸውን፣ አንድ ገበያ እንዳሳደጋቸው፣ አንድ የሁሉቃ ወንዝ እንዳዩ አብረን አንናገርም። ጸጋዬ በእናትና በአባቱ ሁለቱንም ወገን በአንድ ደም የያዘ ሰው ነበር፤ እሱን ለአንድ ወገን ብቻ ማስረከብ ከሞተ በኋላ እንደ መክፈል ነው። ሃጫሉን ስንናገርም ሞቱን ተከትሎ በአምቦም በሌሎች ከተሞችም የፈሰሰውን ደም፣ የተቃጠለውን ቤትና ሱቅ፣ ንብረቱን ጥሎ የተሰደደውን ሰው መጨመር አለብን። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ተቃውመው አምቦ ጎዳና ላይ የወደቁትንም እንዲሁ። የሚጎዳውን ሁሉ አውጥተን «ከተማችን ሰላም ናት፣ ውኃዋ ጥሩ ነው» ብቻ የምንል ከሆነ እንግዳው ያምነናል ብላችሁ ታስባላችሁ? ከመምጣቱ በፊት ስልኩ ላይ አይቶ ነው የመጣው። የሚጠይቀን የሚያውቀውን ለማረጋገጥ ነው። ዝም ስንለው የሚደመድመው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ እንፈራለን፣ ወይ አላዘንንም።

አውሮፓ ውስጥ የእኛን የምትመስል ከተማ አለች። ቪሺ ትባላለች፤ ፈረንሳይ ውስጥ ናት። እንደ አምቦ በማዕድን ውኃዋ ስሟ የወጣ፣ ውኃዋ በጠርሙስ ዓለም የዞረ፣ ሕመምተኛ ከየአገሩ የሚሄድባት። በ2021 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ከሌሎች አሥር የአውሮፓ የፍል ውኃ ከተሞች ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ነገር ግን ከ1940 እስከ 1944 እ.ኤ.አ. ለናዚ ጀርመን ያደረው የማርሻል ፔታ መንግሥት የተቀመጠው በዚያች ከተማ ሆቴሎች ውስጥ ነበር። በዚያ መንግሥት ተባባሪነት ነው ከፈረንሳይ ሰባ ስድስት ሺህ ያህል አይሁዳውያን ወደ ሞት ካምፕ የተጫኑት። ከተማዋ ከጦርነቱ በኋላ ስለ ውኃዋና ስለ ሆቴሎቿ መናገሩን መርጣ ለብዙ ዘመን ኖረች። ያም ሆኖ ቪሺ ሲባል የዓለም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ውኃውን አይደለም። የሸሸችው ታሪክ በስሟ ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ የሚናገሩትም ከውጭ የመጡ ሰዎች ሆኑ። የእኛ ከተሞች በማንም ላይ እንዲህ ያለ ግፍ አልፈጸሙም፤ ግፍ የተፈጸመባቸው ናቸው። ታዲያ እኛ ምን አስደበቀን?

በርሊን ሄደው የተመለሱ ልጆቻችን ደግሞ ሌላ ነገር ይነግሯችኋል። በየእግረኛው መንገድ፣ በየቤቱ ደጃፍ፣ መዳፍ የምታህል የናስ ድንጋይ ተቀብራ ታያላችሁ፤ በዚያ ቤት ይኖር የነበረ፣ በናዚ ዘመን የተገደለ ሰው ስም፣ የተወለደበት ዓመት፣ የተወሰደበት ቀን ተጽፎባታል። እንግዳው ስሙን ሊያነብ ጎንበስ ማለት አለበት። የከተማው ሰው የገዛ አባቶቹን ጥፋት በገዛ ደጃፉ ላይ ጻፈ፤ ከዚህም የተነሣ እንግዳ አልሸሸውም።

ሌላ አደጋ አለ፤ ይህኛው ከፍርሃት የሚመጣ አይደለም፤ ከገንዘብ ነው። እንግዳ ሲበዛ ተረት ይበዛል። «ይህ ዋሻ ላሊበላ ድረስ ይወስዳል» የሚል ሽማግሌ በየከተማው እየተነሣ ነው። «ይህን ዛፍ ንጉሡ በእጃቸው ተከሉት» ይላል፤ ዛፉ ሲተከል ያየ የሰፈር ሰው ግን አሁንም በሕይወት አለ። አስጎብኚ የሆኑ ልጆቻችን እኛ ያልነውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ለሌላው ያወርሳሉ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ መጽሐፍ ላይ ይወጣል። እባካችሁ፣ ተረቱን ተረት ብላችሁ ንገሩ። ያያችሁትን «አይቻለሁ» በሉ፤ የሰማችሁትን ከማን እንደሰማችሁ ጥሩ፤ የማታውቁትን «አላውቅም» በሉ። ይህን ቃል ከሽማግሌ አፍ የሰማ ወጣት የቀረውን ነገራችሁን ያምናል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብላችሁ የምትጽናኑ አላችሁ። ንጋት ማንም ሳይኖር ይነጋል። እውነት ግን የሚያውቀው ሰው ሲቀበር አብሮ ይቀበራል። ባለፈው ክረምት የቀበርነው አብሮ አደጋችን ድልድዩ ሳይሠራ ሰው ሁሉቃን በየት በኩል ይሻገር እንደነበር፣ የድሮው ገበያ እስከየት ይዘልቅ እንደነበር፣ የትኛው ቤት የማን እንደነበር በር በበር ያውቅ ነበር። ዕድር ድንኳን ሥር ሆነን «ስንት ነገር ይዞ ሄደ» አልን። በሕይወት ሳለ ግን ከእኛ አንድ ሰው ልጅ አስከትሎ ሄዶ አልጠየቀውም።

ቤቶቹም እየሄዱ ነው። ከጭቃና ከእንጨት የተሠሩት፣ በረንዳቸው በጥርብ እንጨት ያጌጠ፣ ቆርቆሯቸው የዛገ ቤቶች መንገድ ሲሰፋ ይፈርሳሉ። መንገድ አይስፋ አልልም፤ ልጆቻችን መንገድ ያስፈልጋቸዋል። ነገር ግን ዋርሶን አስቡ። ጀርመኖች በ1944 እ.ኤ.አ. አሮጌውን ከተማ ድምጥማጡን አጥፍተውት ነበር። ፖላንዳውያን መልሰው የሠሩት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊው ቤርናርዶ ቤሎቶ የሳላቸውን የከተማ ሥዕሎችና ከጦርነቱ በፊት የአርክቴክቸር ተማሪዎች እየለኩ ያነሷቸውን ንድፎች ይዘው ነው። ዩኔስኮ በ1980 እ.ኤ.አ. ቅርስ ብሎ የመዘገበው ያንን ዳግመኛ የተሠራ ከተማ ነው። ከፈረሰ ቤት የሚቀረው የተጻፈለትና የተሳለለት ብቻ ነው። የእኛ የትኛው ቤት ተለክቷል? የትኛው በረንዳ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ማን ይኖርበት እንደነበር ከጀርባው ተጽፏል?

ስለ ኦዳ ቢሲልም እላለሁ። ከጌዶ ወዲያ በኢጃጂ በኩል የሜጫ ኦሮሞ ገዳ ማዕከል የነበረው ቦታ አለ፤ የሕግ ሰጪው የማኮ ቢሊ ሕግ የተነገረበት ነው ተብሎ ይታወቃል። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. የገዳን ሥርዓት በማይዳሰስ የባህል ቅርስነት ሲመዘግብ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። የከተማ ሽማግሌዎች ግን ስለ ኦዳ የሚጠይቅ እንግዳ ሲመጣ «ያ የገጠር ነገር ነው» ብለው የሚያልፉ አሉ። የኦዳ አባቶች ደግሞ የከተማውን ታሪክ የሌላ ሰው አድርገው ይቆጥሩታል። ኦዳ ቢሲል ሳይነገር አዲስ ዓለም አይገባም፤ አዲስ ዓለም ሳይነገር ኦዳው ለምን ጸጥ ብሎ እንደቆየ አይገባም። ሁለቱ አባቶች በአንድ ቀን፣ በአንድ እንግዳ ፊት ቢቀመጡ ብዬ እመኛለሁ፤ ሲለያዩም እንግዳው ልዩነታቸውን ይስማ። በየፊናችን ተስማምተን ከመዋሸት አብረን ተቀምጠን መለያየት ይሻላል።

ባልቴቶቹን እንዳንረሳ። እስካሁን ታሪክ ጠያቂው ወደ ወንዶች ነው የሚመራው። ምንጮቹን የሚያውቁት፣ የረሃቡን ዘመን ምን ተበልቶ እንደታለፈ የሚያውቁት፣ ማን ከማን እንደተዋለደ፣ የትኛው ቤተሰብ ከየት መጥቶ ከማን ጋር እንደተዛመደ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የሲንቄ በትር ይዘው ጠብ ያበረዱ እናቶች ገና አሉ። የከተሞቻችን መደባለቅ የተጻፈው በእነሱ ጓዳ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። በየከተማው ጥቂት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች፣ ከሁሉም ወገን፣ ከቤተ ክህነትም ከመስጊድም ከገዳ አባቶችም፣ ተጠራርታችሁ ቦታዎቹን በእግር ዙሩ። ተቀምጦ የሚነገር ታሪክ ይረዝማል፤ ቦታው ላይ ቆሞ የሚነገር ግን ይታረማል፤ አንዱ «የለም፣ በሩ በዚህ በኩል ነበር» ይላልና። አስጎብኚ ልጆችን አስከትሉ። የተስማማችሁበትን ያጽፉ፤ ያልተስማማችሁበትንም ከነሁለቱ ወገን ያጽፉ። አንዱ ቅጂ በአምቦ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ በየወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ ማንም እንግዳ ከየትም ቢመጣ፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢጠይቅ፣ አንዱን ሙሉ ነገር ይስማ።

ጣሊያንን በልጅነቱ ያየ ሰው በሰፈራችሁ ካለ ከእሱ ጀምሩ። ቀጠሮ አትስጡት፤ ነገ ጠዋት ሂዱ። ስልክ መቅዳት የሚያውቅ የልጅ ልጅ ይዛችሁ ሂዱ፣ ባትሪው የሞላ ይሁን፤ እሱ ሲናገርም አታቋርጡት፣ አታርሙት፣ የሚወደውን አታስታውሱት።